ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? ስለ ልውጠ ሕያው ዘር ክርክር የቀረበ ሂስ

ባለፈው መንፈቅ የኮሌጃችን ተማሪዎች «ልውጠ ሕያው ዘር ለኢትዮጵያ ገበሬ ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል?» በሚል ርእስ ክርክር አድርገው ነበር። አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሣ መቀመጫ ያጣው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። ከሁለቱም ወገን የተናገሩት አንደበታቸው የቀና ስለ ነበር ጭብጨባው አላነሰባቸውም፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ነገር ግን ማታ የጻፍሁትን ማስታወሻ ስመለከተው አንድ ነገር ጐደለብኝ። ደጋፊዎቹ የተናገሩት ስለ ማሳ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ስለ ሆድ ነው። በማሳና በሆድ መካከል ያለውን ገበያ ግን ከስምንቱ ተናጋሪዎች አንዱም አላነሣውም። ይህን ሂስ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ነው።

አስቀድሜ የቃሉን ትርጕም ልናገር። ልውጠ ሕያው ማለት በዘመናዊ የሥነ ሕይወት ጥበብ የባሕርይ ውርሱ የተለወጠ ሕያው ነገር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ስለ መነኵሴው ስለ ሜንዴልና ስለ አተሩ ሲያስተምሩን፥ ውርስ ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚሄድ ነገር ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል በጥጥ ወይም በበቆሎ ውስጥ ገብቶ፥ ተክሉ ትል የሚገድለውን ነገር ራሱ እንዲያበጅ ያደርገዋል። ቢቲ ጥጥና ቢቲ በቆሎ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስለ ጤና ያለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። የእኔ ትምህርት ኤኮኖሚክስ ስለሆነ የማነሣው ሒሳቡን ብቻ ነው። ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ከደጋፊዎቹ ልጀምር፤ ክርክራቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለምና። በ2017 መጤ ተምች የተባለው ተባይ ወደ አገራችን በገባበት ክረምት እኔ ደምበጫ አካባቢ ከአጎቴ ዘንድ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ እኛ ልጆቹ ጣሳ ተሰጥቶን ከጧት ጀምሮ ትሉን ከበቆሎው ቅጠል መካከል እየለቀምን እንገድል ነበር። መድኃኒት የሚረጭበት ዕቃ ለመንደሩ ሁሉ አይዳረስም፤ መድኃኒቱም ቢገኝ ዋጋው ውድ ነው። ጣሳው ሞልቶ ስንመለስ የለቀምነው ቦታ በማግሥቱ እንደ ገና ተበልቶ እናገኘዋለን። እንግዲህ ከተከራካሪዎቹ አንዱ «ትሉ የማይበላው በቆሎ ቢኖር ማን ይጠላል?» ባለ ጊዜ ከልቤ ያጨበጨብሁት ይህን አስታውሼ ነው።

ይህንኑ ነገር ባለፈው ክረምት ለአጎቴ አጫወትሁት። እርሱ ግን እንደ እኔ አልተደነቀም። በመጀመሪያ «አንተ ልጅ፥ ዋጋው ስንት ነው?» አለኝ። ቀጥሎም «ነጋዴውስ አይመልስብኝም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ስምንት የኮሌጅ ተማሪዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረው ያላነሡትን ነገር አንድ ገበሬ በሁለት ጥያቄ ጨረሰው። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም።

የደጋፊዎቹ ስሕተት ምርትን ከገቢ ጋር አንድ ማድረጋቸው ነው። በሰሌዳ ላይ የጻፉልን ሒሳብ የዛሬውን ምርት በሄክታር፥ ቀጥሎም ትል ባይኖር የሚገኘውን ምርት፥ ከዚያም ልዩነቱን በዛሬው ዋጋ አባዝቶ ትርፍ ማለት ነው። ነገር ግን ልዩነቱ የሚባዛበት ዋጋ ምርቱ ከጨመረ በኋላ የዛሬው ሆኖ አይቈይም። ለዚህ ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በራሳችን አገር የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ከ1993 ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት፥ ከ1995 ወዲህም መንግሥት ራሱ ባስፋፋው የእርሻ ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ድቅል በቆሎና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ይታደል ነበር። በባኮ የምርምር ጣቢያ የወጣው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ በምዕራብ ጎጃም የተስፋፋው በዚህ ዘመን ነው። ምርቱ በውነቱ ጨመረ። በ2000ና በ2001 ዝናቡ መልካም ስለ ነበር በቆሎው እንደ ጕድ ተትረፈረፈ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ2002 መጀመሪያ ላይ የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ እጅግ በታች ወረደ። አንዳንዱ ገበሬ የመሰብሰቢያውንና የማጓጓዣውን ወጪ ስለማይመልስለት ምርቱን ከማሳው ላይ ተወው። የማዳበሪያው ዕዳ ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። ዕዳውን ለመክፈል በሬ የሸጠም አለ። በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ብዙዎች ማዳበሪያ መግዛቱን ቀነሱት፤ በዚያው በ2002 ዝናብ ቀረ፤ በ2003ም ከአሥራ ሦስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል ርዳታ ፈላጊ ሆነ። በጥጋብ ዓመት የከሰረ ገበሬ በረኀብ ዓመት ምን አቅም ይኖረዋል!

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ልኩን ከበላ በኋላ በቆሎ በረከሰ ቍጥር እጥፍ አይበላም። ጎተራና መጋዘን፥ መንገድና የመኖ ፋብሪካ ካልተዘጋጀ የምርት መጨመር ጥቅሙ ወደ ገዢው ይሄዳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገዢውም ድኻ ነውና እህል ሲረክስለት ደስ ይለኛል። የምቃወመው ጥቅሙ ከተማ ደርሶ ሳለ በገበሬው ስም ሲጨበጨብለት ነው። ከዚህም በላይ ዋጋው የሚወርደው አዲሱን ዘር በገዛውና ባልገዛው ላይ እኩል ነው። ቀድሞ የዘራው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያተርፋል፤ ዘግይቶ የዘራው ወጪውን ብቻ ይመልሳል፤ ያልዘራው ያለ ጥፋቱ ይከስራል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ልመለስ። ከሁሉ ይልቅ ያስጨበጨበላቸው ቃል «የአባቶቻችን ዘር» የሚለው ነበር። ቃሉ ያምራል፤ እኔንም ነክቶኛል። ነገር ግን የተነሣው ስለ በቆሎ ነበርና ልጠይቅ፤ በቆሎ መቼ የአባቶቻችን ዘር ሆነ? በቆሎ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ እህል ነው። ዛሬ በቡሬ፥ በጃቢ ጠህናንና በደምበጫ የሚዘራው አብዛኛው በቆሎ ድቅል ነው። ድቅል ዘር ደግሞ ከራሱ ምርት ተመርጦ ቢዘራ በሁለተኛው ዓመት ይደክማል። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ሠላሳ ዓመት ያህል በየሚያዝያውና በየግንቦቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚይዘውን የምርጥ ዘር ከረጢት ሲገዛ ኖሮአል። ዘሩ በዘገየበት ዓመት ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደጅ ቆሞ የሚውለው ሰው ማንም ልውጠ ሕያው ሳያመጣበት ነው ጥገኛ የሆነው። ይህን ሳይናገሩ «ልውጠ ሕያው ቢመጣ ገበሬው ዘር ገዢ ይሆናል» ማለት ዝናቡ ከወረደ በኋላ ስለ ደመና ማስጠንቀቅ ነው።

ሁለተኛው ክርክራቸው ስለ ባለቤትነት ነው። «ልውጠ ሕያው ከገባ ፓተንት ይከተላል፤ የእኛ ጤፍ የፈረንጅ ንብረት ይሆናል» ብለዋል። የጤፉን ነገር ማንሣታቸው መልካም ነበር፤ ታሪኩን ግን ገልብጠው ነገሩን። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲቱትና የእርሻ ምርምር ድርጅቱ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዝርያዎችን ወስዶ እንዲጠቀምና ከትርፉ ለኢትዮጵያ እንዲያካፍል ውል ተዋዋሉ። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ከዱቄቱ ስለሚሠሩት ምግቦች ለኩባንያው ፓተንት ሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ሰዎች ጋር ግንኙነት ወዳለው ወደ ሌላ ድርጅት ተላልፎ ኖረ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። በመጨረሻ በኅዳር 2018 የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ሲል በሆላንድ ውስጥ ሰረዘው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንመልከት። አንደኛ፥ በዚህ ጤፍ ውስጥ አንዲት የተለወጠች ዘረ መል አልነበረችም፤ ከገበሬው ጎተራ የሚገኘው ያው ጤፍ ነው። ሁለተኛ፥ ሙግቱን ያሸነፈው መንግሥታችን አልነበረም፤ ለዳቦ መጋገሪያዎች ዕቃ የሚያቀርብ ሌላ የሆላንድ ኩባንያ በፓተንቱ ተከሶ ሲከላከል ነው ድሉ የተገኘው። እንግዲህ የባለቤትነት አደጋ የሚመጣው ከላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። ውሉን የሚያነብ፥ የውጭውን መዝገብ የሚከታተልና ጠበቃ የሚቀጥር ሰው በመታጣቱም ይመጣል።

በሌላው በኩል ቁንጮ የተባለው ጤፍ አለ። በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ሁለት የጤፍ ዝርያዎች ተዳቅለው በ2006 ለገበሬው የተለቀቀ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል እህል ስለሆነ ገበሬው አንድ ጊዜ ዘሩን ካገኘ ከምርቱ መርጦ ይዘራል፤ ለአማቹም ለጎረቤቱም ያካፍላል። በምሥራቅ ጎጃም ቁንጮ የተስፋፋው ከመኪና ይልቅ በእንዲህ ያለ መንገድ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ስለዚህ አንድ ዘር ለገበሬው የሚያስወጣው ዋጋ በሠሪው ጥበብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቅልቅል የሚወልድ ነው ወይስ ራሱን የሚተካ? ያወጣውስ የመንግሥት ጣቢያ ነው ወይስ ነጋዴ? ይህ ከልውጥነቱ ይልቅ ኪስን ይነካል። ደጋፊዎቹ «ቴላ የተባለውን በቆሎ የዘረ መሉ ባለቤት ለአነስተኛ ገበሬ ያለ ሮያልቲ ሰጥቶታል» ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ቴላም ድቅል ነው፤ ሮያልቲው ቀረ ማለት ከረጢቱ በነጻ ተሰጠ ማለት አይደለም።

ስለ ሕጋችን ተከራካሪዎቹ ብዙ ስላልተናገሩ ጥቂት ልጨምር። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካን መንግሥታት ወክለው የተከራከሩበት የካርታኼና ፕሮቶኮል በጥር 2000 ጸድቆ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ። አገራችንም በ2009 የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655ን አወጣች። ይህ አዋጅ ጥብቅ ነበር፤ ተመራማሪዎች እንኳ ዘሩን አስገብተው ለመሞከር አስቸግሮናል እያሉ ስላማረሩበት በ2015 በአዋጅ ቍጥር 896 ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች ተሞክረው በ2018 እንዲዘሩ ተፈቀደ። ሁለቱም ድቅሎች ናቸው፤ በየዓመቱ መገዛት አለባቸው ማለት ነው።

አንዱ ደጋፊ «ጥጥ አይበላምና ምን ያስፈራል?» ብሎ አስቆናል። የጥጥ ፍሬ ዘይቱ ለሰው፥ ፋጉሎው ለከብት እንደሚሆን የረሳው ይመስለኛል። የሆነ ሆኖ የጥጥ ነገር ዋናው ከዚህ አይደለም። ከቡርኪና ፋሶ የተገኘው ትምህርት ከሁሉ ይበልጣልና በርሱ ላይ ጥቂት ልቈይ።

ቡርኪና ፋሶ ከ2008 ጀምሮ ቢቲ ጥጥን በሰፊው የዘራች የአፍሪካ አገር ናት። ጓይ ትሉ ተሸነፈ። ገበሬው በአንድ ወቅት ስድስት ጊዜ ይረጭ የነበረውን መድኃኒት ወደ ሁለት ጊዜ አወረደው። ጀርባው ከመርጫው ዕቃ ዐረፈ፤ ምርቱም ጨመረ። ገበሬው በአዲሱ ዘር ደስተኛ ነበር። ነገር ግን ጥጡ ወደ መዳመጫው ሲገባ ሌላ ነገር ታየ። የክሩ ርዝመት አጠረ፤ ከተዳመጠው የሚገኘው የክር መጠንም አነሰ። ምክንያቱ በባክቴሪያው ዘረ መል አልነበረም። የአገሩ የጥጥ ዝርያዎች ረጅም ክር እንዲኖራቸው በብዙ ዓመታት ምርጫ የተገኙ ነበሩ፤ አዲሱን ባሕርይ ካስገቡባቸው በኋላ ከአገሩ ዝርያ ጋር መልሶ መላልሶ የማዳቀሉ ሥራ ሳይጠነቅቅ ተቻኩለው ለቀቁት። የቡርኪና ጥጥ በዓለም ገበያ በረጅም ክሩ ያገኝ የነበረውን ተጨማሪ ዋጋ ማጣት ጀመረ። የጥጥ ኩባንያዎቹ ካሳ ጠየቁ፤ ከ2015 ወዲህም ቢቲ ጥጡን እየቀነሱ ብዙም ሳይቈይ ፈጽመው ተዉት። ገበሬው ወደ መርጫው ተመለሰ።

በአዳራሹ ውስጥ ቡርኪና ፋሶን ከሁለቱም ወገን ጠቅሰዋታል፤ ሁለቱም ግን ለየራሳቸው ቈርጠው ወሰዱ። ደጋፊዎቹ ስድስቱ ርጭት ሁለት መሆኑን ነገሩን፤ ተቃዋሚዎቹ ዘሩ መጣሉን ነገሩን። ሙሉው ታሪክ ትርፉ በአንድ ሰው እጅ፥ ኪሳራው በሌላው እጅ መገኘቱ ነው። ያተረፈው ማሳ ላይ ነበር፤ የከሰረው ወደብ ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ትርፍና ኪሳራውን የሚያቻችል ውል አስቀድሞ ስላልተጻፈ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። እኛም ጥጣችንን ለባሕር ዳር፥ ለኮምቦልቻና ለሌሎቹም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስናቀርብ የምንጠየቀው ስለ ትሉ አይደለም፤ ስለ ክሩ ነው። ስለዚህ የጥጥ ሙከራ ሪፖርት ስናነብ የትሉን ቍጥር ከማየታችን በፊት የክሩን ርዝመት የሚናገረውን ገጽ ብንፈልግ ይሻላል።

አሁን የአጎቴን ሁለተኛ ጥያቄ ላንሣ፤ ነጋዴው ቢመልስስ? በአሜሪካ በ2010 ቪፕቴራ የተባለ ትል የማይደፍረው በቆሎ ተፈቅዶ ተዘራ። ቻይና ግን ይህን ዘር ገና አልፈቀደችም ነበር። በኅዳር 2013 ቻይና ይህ በቆሎ የተቀላቀለበትን ጭነት ከወደብ መመለስ ጀመረች። የበቆሎ ዋጋ ወረደ፤ የወረደውም ቪፕቴራን በዘራው ገበሬ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቶት በማያውቀው ላይም ጭምር ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ዘር ሻጩን ሲንጀንታን ከሰሱት፤ በ2017ም ኩባንያው አንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። እዚያ ጠበቃ ነበረ፥ ዳኛ ነበረ፥ የተመዘገበ ደረሰኝም ነበረ። የደምበጫ ገበሬ ግን በቆሎውን ለደላላ ሲሸጥ ደረሰኝ አይቀበልም፤ ታዲያ በምን ማስረጃ ይከሳል?

የካናዳ ተልባ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ትሪፊድ የተባለ ልውጠ ሕያው ተልባ በአንድ የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የአውሮፓ ገዢዎች እንደማይቀበሉት ስለ ታወቀ በ2001 ከመዝገብ ተሰርዞ ዘሩ ተሰበሰበ። በ2009 ግን ያው ትሪፊድ ወደ አውሮፓ በተላከ የካናዳ ተልባ ውስጥ ተገኘ። በአውሮፓ ሕግ ያልተፈቀደ ዘር ጥቂትም ቢሆን አይታለፍምና ዋናው የካናዳ የተልባ ገበያ ተዘጋ። ዘሩ ከተሰበሰበ ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል! ካናዳ ዘርን ከዘር የሚለይ ላቦራቶሪ፥ የተለየ ጎተራና የባቡር ፉርጎ ያላት አገር ናት።

የእኛ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ በገበያ ቀን የሚያልፍ ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው በአህያ ያመጣውን ግማሽ ኩንታል ነጋዴው ከመሬት ላይ ካለው ክምር ላይ ያፈሰዋል፤ የአሥር መንደር እህል አንድ ክምር ይሆናል። ትናንት በቆሎ የያዘ ጆንያ ዛሬ ኑግ ወይም ተልባ ይይዛል፤ መኪናውም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያም በኩል የሚያልፈው እህል በደረጃው ተመድቦ ይቀላቀላል እንጂ የማን ማሳ እንደ ሆነ ተለይቶ አይጓዝም፤ ድርጅቱ በ2008 ሲቋቋም ይህ መቀላቀል ለቡና ገዢዎች ያስነሣውን ቅሬታ ብዙዎች ያስታውሳሉ። ሰሊጥ፥ ኑግ፥ ቦሎቄና ሽምብራ ዛሬ ልውጠ ሕያው ባይሆኑም፥ በመካከላቸው የወደቀ ጥቂት የበቆሎ ፍሬ በገዢው አገር ምርመራ ሊያስመልሳቸው ይችላል። መለየት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ልዩ ጆንያ፥ ልዩ መጋዘን፥ መርማሪ። ይህን ወጪ ዘር ሻጩ ይክፈል ወይስ መንግሥት ወይስ ገበሬው? በአዳራሹ ውስጥ ማንም አልጠየቀም፤ ሕጎቹም ቢሆኑ በደንብ አይመልሱም። የካርታኼና ፕሮቶኮል በሃያ ስድስተኛው አንቀጽ መንግሥታት የኑሮና የኤኮኖሚ ነገሮችን ሊመለከቱ ይችላሉ ይላል፤ ነገር ግን «ይችላሉ» ብሎ ነው፥ ያውም በብዝሀ ሕይወት ላይ ከሚደርሰው ለውጥ የተነሣ የሚመጡትን። በ2010 በናጎያ የተጨመረው ስለ ኀላፊነትና ስለ ካሳ የሚናገረው ፕሮቶኮልም ጉዳት ብሎ የተረጐመው በብዝሀ ሕይወት ላይ የሚደርሰውን ነው። የተመለሰ ጭነት በዚያ ትርጕም ውስጥ አይገባም።

ይህን ሁሉ የምለው ዘሩን ለመከልከል አይደለም። «ይከልከል» የሚለው ወገን መከልከልንም በነጻ የሚገኝ ነገር አድርጎ ተናግሮአል፤ እኔ ግን በጣሳ ትል የለቀምሁበትን ክረምት አልረሳሁም። ጎረቤታችን ሱዳን ከ2012 ጀምራ ቢቲ ጥጥ ዘርታለች፤ ኬንያም በ2012 ያወጣችውን እገዳ በ2022 አንሥታለች። ዘር ጠረፍ አያውቅምና ሕጋዊው መንገድ ቢዘጋ በስውር ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቅ ሻጭም አይኖርም። የምለው ግን ስለ ልውጠ ሕያው በጅምላ መደገፍና በጅምላ መቃወም ለአንድ ተማሪ የማይገባ መሆኑን ነው። የእያንዳንዱ እህል ገበያ የተለያየ ነው።

ለምሳሌ ድንችን እንውሰድ። ከጮቄ ተራራ ሥር ባለው ደጋ ከገብስና ከእንግዶ ሌላ የሚበቅለው ጥቂት ነው፤ ድንች ግን የችግር ወራት መሻገሪያ ነው። በክረምት ጉም ሲጫነው ቅጠሉን አጥቍሮ ማሳውን በጥቂት ቀን የሚያደርቀው በሽታ አለ። ይህን በሽታ የሚቋቋም ልውጠ ሕያው ድንች በኡጋንዳ ከአካባቢው ከታወቀ የድንች ዝርያ ተሠርቶ ተሞክሮአል፤ የገባበትም ዘረ መል ከራሱ ከድንች ዘመዶች የተወሰደ ነው። የድንች ዘሩ ያው ድንቹ ስለሆነ ገበሬው በየዓመቱ ከረጢት አይገዛም፤ ከጓሮው ያስቀራል፥ ለጎረቤቱም ያበድራል። የጎጃም ደጋ ድንች ደግሞ የሚሸጠው በደብረ ማርቆስ፥ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ እንጂ በወደብ በኩል ስለማያልፍ የሚመልሰው የባሕር ማዶ ገዢ የለበትም። እንዲህ ያለው ድንች በመንግሥት የምርምር ጣቢያ በኩል ቢመጣ እኔ ከደጋፊዎቹ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ቢቲ ጥጥ ቢሆን የክሩ ርዝመት ተለክቶ እስኪቀርብልኝ ድረስ ከተቃዋሚዎቹ ወንበር አልነሣም። ስለ በቆሎው ግን ገና ቆሜ ነኝ።

በሚመጣው መንፈቅ ክርክሩ ይቀጥላል ተብሎአል። ስለ በቆሎ የሚናገሩት ደጋፊዎች የአሥራ ሁለት ኪሎ ተኩሉን ከረጢት ዋጋ ለአንድ ቃዳ መሬት ከፋፍለው፥ በርካሽ ዓመት ከሚገኘው ዋጋ ጋር አስተያይተው ቢያመጡልን፤ ተቃዋሚዎቹም ያለዚያ ዘር በትል የሚጠፋውን በቆሎ በዚያው ዋጋ ተምነው ቢያመጡልን እለምናለሁ። አጎቴም ለመምጣት ፈቅዶአል፤ ከበሩ አጠገብ አንድ ወንበር ይቈየው።